እንግሊዝኛ አማርኛ ተናጋሪን የሚያስቸግረው የት የት ላይ ነው?

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም የዓለምን ቋንቋዎች ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ካላቸው ቅርበትና ርቀት አንጻር በደረጃ የመደባቸው ሲሆን፣ ጣሊያንኛን ወይም ስፓኒሽን ለሥራ በሚያበቃ መጠን ለመማር ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ሲገመት አማርኛ ግን ከከባዶቹ ወገን ተቆጥሮ 44 ሳምንታትና ወደ 1,100 የሚጠጋ የክፍል ሰዓት ተሰጥቶታል። ርቀት ከየትኛውም ጫፍ ቢለካ ያው በመሆኑ፣ ከአማርኛ ተነሥቶ ወደ እንግሊዝኛ የሚጓዘውንም ተማሪ የሚጠብቀው መንገድ ከዚህ ብዙ ያጠረ እንደማይሆን መገመት ይቻላል። ዲፕሎማቱ ግን ደመወዝ እየተከፈለው፣ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሙሉ ቀን ሲማር ይውላል፤ ኢትዮጵያዊው ተማሪ በበኩሉ ብዙ ልጆች በታጨቁበት ክፍል፣ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ፣ ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ደርቦ ይማረዋል። “ስንት ዓመት ተምሬው እንዴት አልናገረውም?” ለሚለው የዘወትር ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች የመጀመሪያው ይኸው ስሌት ነው።

ሁለተኛው መልስ ከቋንቋዎቹ ጠባይ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1957 ሮበርት ላዶ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልሳን ምሁር ተማሪ በአዲሱ ቋንቋ የሚቸገርበትን ነጥብ የአፍ መፍቻውን ከአዲሱ ጋር በማነጻጸር አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ምሁራን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ተማሪዎች ስሕተት የጻፈው ፒት ኮርደር፣ ሁሉም ስሕተት ከአፍ መፍቻ ቋንቋ እንደማይመጣና ስሕተት ራሱ ተማሪው በአእምሮው የራሱን ሕግ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት መሆኑን አስረድተዋል። የላዶ ሐሳብ እንዲህ ቢታረምም ለአማርኛ ተናጋሪ ያለው ጥቅም አልቀረም፤ ምክንያቱም በየክፍሉ እንደ ስንፍና የሚቆጠረውና የሚሳቅበት ስሕተት ብዙ ጊዜ አማርኛን አጥርቶ ከማወቅ የሚመጣ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመገባቱ በፊት እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ያለውን ቦታ ማስታወስ ያስፈልጋል። የቋንቋ መምህራን ከክፍል ውጭ በገበያና በመንገድ የሚሰማን ቋንቋ “ሁለተኛ ቋንቋ”፣ ከክፍል ውጭ እምብዛም የማይሰማውን ደግሞ “የውጭ ቋንቋ” ይሉታል። የኢትዮጵያው እንግሊዝኛ ከሁለቱ መካከል ላይ የቆመ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ጎላ ብሎ ይሰማ የነበረው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥና ከሁለተኛ ደረጃ አንሥቶ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ፤ አንዳንድ ክልሎች ሽግግሩን ወደ 7ኛ ክፍል ዝቅ አድርገውታል። እንግዲህ ተማሪው በእንግሊዝኛ ገበያ ወጥቶ፣ ተሟግቶና ቀልዶ ሳያውቅ ኬሚስትሪና ታሪክ በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራል ማለት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሳተላይት የሚተላለፈው የ“ፕላዝማ” ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ፣ አስተማሪው ከመስታወቱ ጀርባ ሳይጠብቅ ይሄዳል የሚል ቅሬታ የበዛው በዚህ ምክንያት ነበር።

አማርኛ አንባቢን በቅድሚያ የሚያስደነግጠው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። የግእዝ ፊደል እያንዳንዱን ተነባቢ ከአናባቢው ጋር አጣምሮ ስለሚጽፍ፣ ፊደሉን የለየ ልጅ ትርጉሙን ባያውቀው እንኳ ማንኛውንም ቃል ከሞላ ጎደል ማንበብ ይችላል። እንግሊዝኛ ግን 26 ፊደላትን ይዞ ከ40 በላይ ለሆኑ ድምፆች ያብቃቃቸዋል፤ ኦ፣ ዩ፣ ጂና ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት ተከታትለው ሲመጡ “ታፍ” በሚለው ቃል መጨረሻ “አፍ”፣ “ኮፍ” በሚለው “ኦፍ”፣ “ስሩ” በሚለው ደግሞ “ኡ” ሆነው ይነበባሉ። ይህ የሆነው ጽሕፈቱ ቆሞ ንግግሩ ስለሄደ ነው። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 በዌስትሚኒስተር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ካቋቋመ በኋላ አጻጻፉ ቀስ በቀስ እየረጋ ሲመጣ፣ በዚያው ዘመን ታላቁ የአናባቢዎች ሽግሽግ የሚባለው ለውጥ የረጃጅም አናባቢዎችን አነባበብ ከቦታቸው እያናጋ ነበር። ፈረሰኛ ወታደር የሚል ትርጉም ባለው “ናይት” በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ የተጻፈችው ኬ በጥንት ጊዜ ትነበብ ነበር፤ ዛሬ ግን ለመታሰቢያ የቀረች ናት። ዕዳ ማለት በሆነው “ዴት” ውስጥ ያለችው ቢ ደግሞ የላቲን ሥሩን ለማስታወስ ሊቃውንት በኋላ የጨመሯት እንጂ በእንግሊዞች አፍ ተነብባ የማታውቅ ፊደል ናት።

አማርኛ አንባቢ በዚህ ሊገረም አይገባውም። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ በግእዝ የየራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ሲሆኑ፣ አማርኛ ድምፁን ጥሎ ፊደሉን ጠብቋል፤ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክርም የብዙ ዓመታት ዕድሜ አለው። የአማርኛ ጽሕፈት ከዚህም በላይ የሚሸሽገው ነገር አለ። “ገና” የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ፣ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ያልደረሰ ነገር መሆኑን ፊደሉ አይናገርም። መጥበቅና መላላት ለአማርኛ ትርጉም ለዋጭ ስለሆነ ተማሪው በእንግሊዝኛ ሁለት ተመሳሳይ ፊደላት ተከታትለው ሲያይ ድምፁን አጥብቆ ያነባል። በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ውስጥ የተደገመ ፊደል በአብዛኛው ድምፁን አያጠብቅም፤ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጥሮ እንዲነበብ ብቻ ያመለክታል። እራት ማለት የሆነው “ዲነር” በሁለት ኤን፣ ምግብ ቤት ማለት የሆነው “ዳይነር” በአንድ ኤን የሚጻፉት ለዚህ ነው።

ከድምፆቹ መካከል በጣም የታወቀው ችግር ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገረው ድምፅ ነው። አማርኛ ይህ ድምፅ ስለሌለው ተናጋሪው ቅርብ የሆነውን ስን፣ ትን ወይም ዝን ይተካበታል። ፕ እና ቭም በአማርኛ በአብዛኛው በባዕድ ቃላት ብቻ የሚገኙ ስለሆኑ የቀደመው ትውልድ “ቦሊስ” እና “ቴሌቢዥን” ማለቱ የተለመደ ነበር። እነዚህ ግን የሰሚውን ጆሮ ቢስቡ እንጂ ብዙ ጊዜ መግባባትን አያውኩም፤ ይልቁንም የሚያውከው የአናባቢዎቹ ጉዳይ ነው። መርከብና በግ በእንግሊዝኛ የሚለዩት አማርኛ አንድ አድርጎ በሚሰማቸው ሁለት ዓይነት “ኢ” ሲሆን፣ ሥራ መሥራትና በእግር መሄድም እንዲሁ በአናባቢ ብቻ ይለያሉ። ተነባቢዎች ሲደራረቡም አማርኛ ተናጋሪ በመካከላቸው ወይም በፊታቸው ሳድስ አናባቢ ያስገባል፤ “ስትሪት” በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሦስት ተነባቢዎች በአንድ ትንፋሽ ማለት ልምምድ ይጠይቃል፣ በግእዝ ፊደል ሲጻፍም በመካከሉ አናባቢ ይኑር አይኑር አይታወቅም።

ከነጠላ ድምፅ ይልቅ ትኩረት የሚሻው፣ በመማሪያ መጻሕፍትም ተገቢውን ቦታ ሲያገኝ የማይታየው፣ የቃል ረገጣ ነው። ረገጣ ማለት በአንድ ቃል ውስጥ ካሉት ክፍለ ቃላት አንዱን ጎላና ረዘም አድርጎ መናገር ሲሆን፣ አማርኛ ክፍለ ቃላቱን በተቀራራቢ ጉልበት ስለሚናገር ተማሪው ልዩነቱን አይሰማውም። በእንግሊዝኛ “ፎቶግራፍ” ሲባል የመጀመሪያው፣ ፎቶ አንሺ ማለት በሆነው “ፈቶግረፈር” ሁለተኛው፣ በቅጽሉ በ“ፎተግራፊክ” ደግሞ ሦስተኛው ክፍለ ቃል ይረገጣል፤ ያልተረገጡት አናባቢዎችም ደብዝዘው አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ተማሪው ግን እንደ ግእዝ ፊደል ሁሉንም ሞልቶ ያነብና “ኮምፎርታብል” ይላል፣ እንግሊዙ “ከምፍተብል” የሚለውን። የሚገርመው ይህ የደበዘዘ የእንግሊዝኛ አናባቢ ለብዙ የዓለም ሕዝቦች ባዕድ ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን “ከ”ን፣ “በ”ን፣ “ለ”ን ባለ ቁጥር በግእዙ፣ ማለትም በመጀመሪያው የፊደል መደብ፣ ለርሱ እጅግ የቀረበ ድምፅ ያወጣል። መምህራን ይህን ቢጠቀሙበት ብዙ ድካም ይቀር ነበር።

ወደ ሰዋስው ሲገባ ትልቁ ልዩነት አማርኛ በአንድ ግስ ውስጥ የሚያጭቀውን እንግሊዝኛ በየቃሉ የሚበትነው መሆኑ ነው። “አልነገርኩሽም” የሚለው አንድ ቃል አሉታን፣ ድርጊቱን፣ ተናጋሪውንና ሰሚዋን፣ የሰሚዋንም ሴትነት ይዟል፤ እንግሊዝኛ ይህን ለመናገር አምስት ቃላት ይደረድርና የሴትነቷን ነገር ጨርሶ ይተዋል። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ስለሚያስገባ ተውላጠ ስሙን ለብቻው መጥራት ግድ አይደለም፤ “ዘነበ” ወይም “መሸ” ሲባልም ማን ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት ስለማይቆም፣ ምንም ነገር የማያመለክተው “ኢት” የሚባለው ቃል ቦታ ለመሙላት ብቻ ይገባል። “ራበኝ” እና “አለኝ” በሚሉት ቃላት ውስጥ ሰውየው ተሳቢ ሆኖ ሲገኝ፣ በእንግሊዝኛ ያው ሰው ባለቤት ሆኖ ፊት ይቀድማል።

የቃላት ቅደም ተከተልም የተገለባበጠ ነው። አማርኛ ገላጩን ሁሉ ከፊት ደርድሮ ስሙን ያስከትላል፣ ግሱንም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ “ትናንት ከጎንደር የመጣችው የእናቴ እህት” የሚለው ሐረግ በእንግሊዝኛ ከእህት ጀምሮ በጎንደርና በትናንት ያልቃል። ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ መጨረሻውን መጠበቅ ልማድ የሆነበት አማርኛ አንባቢ አስቀድሞ ባለቤቱንና በቅርቡ የሚገኘውን ዋና ግስ ቢፈልግ የቀረው ሁሉ በቀላሉ ይፈታለታል።

“ዘ” እና “ኤ” የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ቃላት ለብዙ ዓመታት ከተማሩትም ሰዎች ጽሑፍ ስሕተታቸው አይጠፋም። አማርኛ እሙርን፣ ማለትም በተናጋሪውና በሰሚው ዘንድ የታወቀን ነገር፣ “ቤቱ” ወይም “በጓ” እንደሚባለው በቃሉ መጨረሻ ያመለክታል፤ ያልታወቀውን ግን ያለ ምልክት ይተዋል ወይም ከፈለገ “አንድ” ይልበታል። ስለዚህ “ዘ” በመጠኑ ይለመዳል፣ “ኤ” ግን ይረሳል። ቁጥርም እንዲሁ ነው። “አምስት ሰው መጣ” ማለት በአማርኛ ፍጹም ትክክል ስለሆነ ከቁጥር በኋላ የብዙ ምልክት መጨመር ለተማሪው ትርፍ ሥራ ይመስለዋል፤ በተቃራኒው አማርኛ “መረጃዎች”፣ “ምክሮች” እና “ዕቃዎች” ስለሚል፣ እንግሊዝኛ የማይቆጠሩ ናቸው ብሎ በነጠላ የሚጠብቃቸውን “ኢንፎርሜሽን”፣ “አድቫይስ” እና “ፈርኒቸር” አብዝቶ ይጽፋቸዋል። በደብዳቤና በማስታወቂያ ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች ይህኛው በጣም የተለመደ ነው።

በጊዜያት ረገድ አማርኛ እርዳታም እንቅፋትም ይሆናል። “በላሁ” እና “በልቻለሁ” የሚለው ልዩነት እንግሊዝኛ በቀላል ኃላፊና “ሃቭ” በሚባለው ረዳት ግስ በሚሠራው ጊዜ መካከል ከሚያደርገው ልዩነት ጋር ይቀራረባል፤ ይሁን እንጂ “ትናንት ነግሬሃለሁ” ማለት በአማርኛ ያለ ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን “ትናንት”ን የመሰለ ያለቀ ጊዜ ከ“ሃቭ” ጋር አብሮ አይሄድም። “አዲስ አበባ የምኖረው ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ነው” የሚለውም በአማርኛ የአሁን ጊዜ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከበፊት ተነሥቶ እስከ አሁን የደረሰውን ነገር በ“ሃቭ” እንዲገለጽ ያስገድዳል። “እሄዳለሁ” ደግሞ የዘወትሩንም የነገውንም ስለሚሸፍን፣ የወደፊቱን የሚለይ ቃል ከተማሪው አንደበት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በጥያቄና በአሉታ ጊዜ ከየት መጣ ሳይባል የሚገባው “ዱ” ግን በአማርኛ ምንም አቻ የለውም፤ “ዲድ” ኃላፊ ጊዜውን ከተሸከመ በኋላ ተማሪው ዋናውን ግስም በኃላፊ መልክ የሚደግመው ለዚህ ነው። ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጠው መልስም ያደናግራል፤ “አልመጣም?” ተብሎ የተጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ “አዎ፣ አልመጣም” ሲል የጠያቂውን ግምት ማጽናቱ ነው፣ እንግሊዙ ግን በዚያው ቦታ “ኖ” ይላል፤ በስልክ ወይም በሐኪም ፊት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሰዋስውን ያጠናቀቀ ሰው እንኳ የሚሰናከልበት የአክብሮት አነጋገር ነው። አማርኛ አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን ለይቶ አክብሮቱን በግሱ ላይ ስለሚያኖረው “ውኃ ይስጡኝ” ማለት ብቻውን ጨዋነት ነው። እንግሊዝኛ ቀድሞ ለአንድ ሰው የሚባል “ዛው” የተሰኘ ተውላጠ ስም የነበረው ሲሆን፣ ለብዙዎችና ለተከበሩ ሰዎች ይባል የነበረው “ዩ” እየሰፋ ሄዶ ስፍራውን ወሰደበት። እንግሊዞች ሁሉንም አክብረው ማንንም የማይለዩ ሆኑ ማለት ነው። ያ የጠፋው መለያ በሌላ መንገድ ተመልሶ ገብቷል፤ አክብሮት የሚገለጸው ትእዛዙን ወደ ጥያቄ በመለወጥ፣ “ኩድ” እና “ውድ” የሚባሉትን ግሶች በመጠቀምና ሐሳቡን በማለዘብ ነው። ስለዚህ “ይስጡኝ” በቀጥታ ሲመለስ “ጊቭ ሚ” ይሆንና እጅግ ትሑት የነበረው ኢትዮጵያዊ እንደ አዛዥ ይታያል። ተቃራኒውም ይደርሳል፦ የሥራ አለቃ “ይህን ብታየው ጥሩ ሊሆን ይችላል” የሚል ዓይነት ለስላሳ እንግሊዝኛ ሲናገር፣ አዲስ የመጣ ሠራተኛ ምክር መስሎት ሊተወው ይችላል፤ አለቃው ግን ትእዛዝ መስጠቱ ነበር። መምህርን “ቲቸር” ብሎ መጥራትም “መምህር” ወይም “ጋሼ” ከሚለው የተወረሰ ጨዋነት ነው፤ በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ክፍል ግን ከሕፃናት በቀር አይለመድም።

ስለ ቃላት የሚባለው ብዙ ቢሆንም ሁለት ነጥብ ይበቃል። አንደኛው፣ አማርኛ “በ” በሚለው አንድ መስተዋድድ በቤት፣ በመኪና፣ በእጅና በጠዋት ሲል፣ እንግሊዝኛ እንደ አገባቡ የተለያዩ ቃላት የሚጠቀም መሆኑና ምርጫውም በሕግ ሳይሆን በልማድ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ፈጽሞ አዲስ ትርጉም የሚሰጥበት አሠራር ነው፤ “ጊቭ” መስጠት ቢሆንም “ጊቭ አፕ” ተስፋ መቁረጥ ወይም መተው ነው። ይህን አማርኛ ተናጋሪ ባዕድ ነው ሊለው አይችልም፣ “ቁጭ አለ” ሲል ማንም ምንም እንዳላለ ያውቃልና። ከጣሊያንኛ የመጡት የአማርኛ ቃላት ግን አንዳንዴ ወጥመድ ይሆናሉ፤ “ፋብሪካ” ከእንግሊዝኛው “ፋብሪክ” ጋር ዘመድ ቢመስልም የኋለኛው ጨርቅ ማለት ነው።

ዕድሜ ካለፈ በኋላ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በተለይ በውጭ አገር በሚኖሩ ወላጆች ዘንድ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና ወደ 670,000 በሚጠጉ ሰዎች መልስ ላይ የተመሠረተ ጥናት የአዲስ ቋንቋን ሰዋስው የመልመድ ችሎታ እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ገደማ ሳይደክም እንደሚቆይ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ችሎታው ይደክማል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም፤ አነጋገሩ የትውልድ አገሩን ቢያስታውቅም ሐሳቡን አጥርቶ የሚገልጽ ሰው ምንም አልጎደለበትም። በዋሽንግተን አካባቢ እንደሚታየው ግን ከሱቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉን በአማርኛ መፈጸም በሚቻልበት ሰፈር እንግሊዝኛ “የውጭ ቋንቋ” ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ልጆች ለወላጆቻቸው በየቢሮው ማስተርጎማቸውም ወላጆቹ እንግሊዝኛውን ራሳቸው እንዳይለማመዱ ሊያደርግ ይችላል።

በተግባር ብዙ ማንበብና እያነበቡ መስማት እንደሚጠቅም የመስኩ ጥናቶች ይደግፋሉ። የቃላት ጥናት ሊቅ የሆነው ፖል ኔሽን እንዳስረዳው፣ በጣም ተደጋጋሚ የሆኑት 2,000 የቃላት ቤተሰቦች ከአንድ ተራ ጽሑፍ አብዛኛውን ሲሸፍኑ፣ ልብ ወለድ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 ያስፈልጋሉ፤ የቃላት ቤተሰብ ማለት አንድ መሠረታዊ ቃል ከርቢዎቹ ጋር ነው። የኔሽን ጥናት እንደሚጠቁመው አንባቢ ያለ ረዳት በደንብ የሚረዳው ከ100 ቃላት 98ቱን ሲያውቅ ነው። እንግዲህ 250 ያህል ቃላት በያዘ ገጽ ላይ የማይታወቁት ከአምስት ከበለጡ ያ መጽሐፍ ለጊዜው ይቀመጥ፤ ደረጃው ዝቅ ያለውና በድምፅ ቅጂ የታጀበው ይቅደም። መምህራንም በቀይ እስክሪብቶ ሁሉንም ስሕተት ከማስመር ይልቅ በአንድ ሳምንት አንዱን፣ ከአማርኛው ጋር አነጻጽረው፣ በተማሪው ቋንቋ ቢያስረዱት ይበጃል፤ በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ እንዳይሰማ የሚከለክለው ልማድም የሚያሳጣው ለማስረዳት የተሻለውን መሣሪያ ስለሆነ ቢቀር የተሻለ ነው።